ዶን ሲሪሎ ከመረባቸው ሲነሱ

ዶኛ ክሪሳንታ ወደ ሜሪዳ ከተማ በሚሄደው የጠዋት አውቶቡስ ሲሳፈሩ የሾርባ ድስት በሁለት እጃቸው አቅፈው ስለነበር መደገፊያ የሚይዙበት እጅ አልነበራቸውም። መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ወጣት ብድግ ብላ ድስቱን ተቀበለቻቸውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሴትዮዋም መርቀው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ገና ከመንደሩ ሳይወጡ የቤታቸውን ጉድ ዘረገፉላት።

ታናሽ ወንድማቸው ዶን ሲሪሎ የንብ ቀፎ ሲፈትሹ በድንገት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ዛለ። ዶኛ ክሪሳንታ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል አብረዋቸው ተኝተው አጎረሱ፣ አጠቡ፣ አለበሱ። ከዚያ የማር ቆረጣ ደረሰና ለአንድ ሳምንት ወደ መንደር ተመለሱ። በዚያች ሳምንት ነው በሽተኛው ወደ ማገገሚያው ክፍል የተዛወሩትና ነገር የተበላሸው።

«ትናንት ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ነርሷ ፊቴን ራሴ እንድታጠብ ታዘኛለች አለኝ! ሸሚዙንም ራሱ ነው አሉ የሚቆልፈው። በሽተኛ የምታሠራ ነርስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ብቻ ላግኛት፤ ልክ ልኳን ነው የምነግራት።»

ወጣቷ ድስቱን አቅፋ በጥሞና አዳመጠቻቸው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲወርዱ ድስቱን መለሰችላቸውና በትሕትና እንዲህ አለች፦ «ዶኛ ክሪሳንታ፣ ነርሷ እኔ ነኝ። ሚርና ቹክ እባላለሁ። ልክ ልኬን እሰማለሁ፤ ግን ሾርባው ሳይቀዘቅዝ እንግባ።»

ሴትዮዋ ድስቱን ባይዙ ኖሮ ፊታቸውን በሻርፓቸው ይሸፍኑ ነበር። ነገር ግን ማፈር ሌላ፣ ማመን ሌላ ነው። ክፍሉ እንደገቡ ወንበር ስበው፣ ማንኪያ አንስተው ወንድማቸውን ማጉረስ ጀመሩ። ሚርና እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ ማንኪያ አምጥታ በዶን ሲሪሎ ቀኝ እጅ አስያዘቻቸው።

«ልጄ፣» አሉ ዶኛ ክሪሳንታ ቁጣቸውን ዋጥ አድርገው፣ «እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ይከበራል። እናቴ አባቴን ሁለት ዓመት ሙሉ አጉርሳ ነው የቀበረችው።»

«ነፍሳቸውን ይማር። በነዚያ ሁለት ዓመታት አባትዎ ከመኝታቸው ተነስተው ያውቃሉ?»

«እናቴ እያለች ምን ቆርጦት ይነሳል!» አሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ግን ለራሳቸውም አልጣማቸውም።

«እኔም እያከበርኳቸው ነው» አለች ሚርና። «ያልሠራ እጅ ሥራውን ይረሳል። እርስዎ በሁለት ደቂቃ የሚያጎርሷቸውን እሳቸው በሩብ ሰዓት ይበሉታል፤ ያ ሩብ ሰዓት መድኃኒታቸው ነው። ለመሆኑ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ሰባ አራት።»

«ወንድምዎ ሰባ ስምንት ኪሎ ናቸው። ቤት ሲገቡ ማን ያነሳቸዋል?»

ዶኛ ክሪሳንታ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሚርናም የቀረውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ካንኩን ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ የሚሠራው የዶን ሲሪሎ ልጅ ዋልተር አርብ ይመጣል። አባቱ ያለ ሰው እርዳታ ተነስተው መጸዳጃ ቤት መድረስ ከቻሉ ሐኪሙ ወደ መንደራቸው ይሰዳቸዋል፤ ካልቻሉ ዋልተር አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቱ ይወስዳቸዋል። በሽተኛው እስከዚያ ሾርባውን ሸሚዛቸው ላይ እያንጠባጠቡ በራሳቸው እጅ ይበሉ ነበር።

«እትዬ፣» አሉ በተኮላተፈ አንደበት፣ «እዚያ እኮ ንብ የለም።»

ይህች ቃል የእህትን አንጀት በላች። ዶኛ ክሪሳንታ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እጃቸው እንዳያስቸግራቸው ጭናቸው ሥር አድርገው ይቀመጡ ጀመር። የሚወዱት ሰው ከአንድ ቁልፍ ጋር ሲታገል ቁጭ ብሎ ማየት ማር ከመቁረጥ ይከብዳል። ያም ሆኖ የጎበዝ አስታማሚ ፍቅር አንዳንዴ በሽታው የተወውን እግር እንኳ እንደሚያስር ማወቅ ይገባናል።

ረቡዕ ዕለት ዶን ሲሪሎ ማንም ሳይነካቸው ከአልጋቸው ተነስተው ቆሙ። የክፍሉ በሽተኞች አጨበጨቡ፤ ዶኛ ክሪሳንታ ግን አላጨበጨቡም። ሚርና ቅር ብሏት ምነው ስትል ጠየቀቻቸው።

«ደስማ ብሎኛል። ግን ልጄ፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ቤታችን አልጋ የለም።»

ሚርና ደነገጠች። አማካ የሚባለው የመረብ መኝታ በሁለት ገመድ ተንጠልጥሎ መሐሉ የሚረግብ ነው፤ በዚያ አገር ሰው በመረብ ይወለዳል፣ በመረብ ያረጃል። ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ እንኳ ለአስታማሚ መረብ የሚሆን ማንጠልጠያ አለ፤ ዶኛ ክሪሳንታ የሚተኙትም እዚያው ነበር። ሚርናም ራሷ መረብ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት በሽተኛ ማስነሳት ያስተማሯት ግን ከአልጋ ብቻ ነው። የተማረ ሰው አላውቅም ማለት ሲከብደው አይተናል፤ እሷን ግን አልከበዳትም።

«አስተማሪዎቼ ይህን አልነገሩኝም» አለች እየሳቀች። «እርስዎ ያስተምሩን።»

ዶኛ ክሪሳንታ ገመዱን አጠር አድርገው መረቡን አንድ ስንዝር ከፍ አደረጉት፤ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ መረብ ሰው ይውጣል አሉ። እርጉዝ ሴት እንዴት እንደምትነሳም አሳዩ፦ በአግድም መቀመጥ፣ ተረከዝን ከጉልበት ሥር መሳብ፣ የመረቡን ጠርዝ መጨበጥ፣ ከዚያ አፍንጫን ከእግር ጣት በላይ አሳልፎ መነሳት። ሚርና ደካማው ጉልበት እንዳይከዳቸው የት መቆም እንዳለባት አጠናች። ዶን ሲሪሎ በሁለት ቀን ውስጥ ስንቴ እንደወደቁ ባይቆጠር ይሻላል፤ የወደቁት ግን መረቡ ላይ ነው።

አርብ ዋልተርና ሐኪሙ መጡ። ዶን ሲሪሎ ቤታቸው እንደሚያደርጉት ከመረብ ለመነሳት ሞከሩ፤ መረቡ መልሶ ዋጣቸው። ደግመው ሞከሩ፤ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠና ተቀመጡ። ዋልተር ሊደግፋቸው ሲንደረደር አክስቱ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ሳያወጡ «ተወው!» አሉት። በሦስተኛው ዶን ሲሪሎ ጠርዙን ጨበጡ፣ አጎነበሱ፣ ቆሙ። ከዘራቸውን ይዘው እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ሄደው ተመለሱ። ሐኪሙ ወረቀቱን ፈረመ፤ ዋልተር አለቀሰ። ሚርናም በነጋታው የማገገሚያው ክፍል ውስጥ ለልምምድ የሚሆን መረብ ሰቀለች፤ እስከ ዛሬም አልወረደም።

ወር ባልሞላ ጊዜ ጎረቤታቸው ዶኛ ቴልማ የበቆሎ አጥሚት ይዘው ሊጠይቁ መጡ። መረቡ አጠገብ ተቀምጠው ማንኪያውን ወደ ዶን ሲሪሎ አፍ ሲያነሱ ዶኛ ክሪሳንታ ተቀብለው በወንድማቸው ቀኝ እጅ አስያዙት።

«ክሪሳንታ፣ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»

«ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። እኔ አንስቼው አላውቅም፤ ወገቤም ደህና ነው። እስከዚያ ወሬ እናውራ፤ እኛ መች ወሬ አጥተን እናውቃለን?»

አወሩ። ዶን ሲሪሎ አጥሚቱን ግማሹን በአፋቸው፣ ግማሹን በሸሚዛቸው ጨርሰው የመረቡን ጠርዝ ጨበጡና ተነሱ። ጎረቤቲቱ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ዶኛ ክሪሳንታ እጃቸውን ያዟቸው። ሰውየው በከዘራ እየተደገፉ ወደ ቀፎዎቻቸው ሄዱ።

«ሸሚዙስ?» አሉ ዶኛ ቴልማ።

«እሱንም ራሱ ያጥበዋል።»