በአሊዩ አምባ ዳገት ላይ የወለቀው ጎማ

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ድሮ በደብረ ብርሃንና በአሊዩ አምባ መካከል ይነግዱ ነበር። ለሟቿ ባለቤቴ የአርባ ቀን ጸሎት ሕፃን ልጄን ይዤ በማግስቱ መኪናዬን ወደ ጎረቤላ ከተማ ልነዳ ስሰናዳ፣ መጥተው ይህን አጫወቱኝ። እንዳሉት ጻፍኩት።

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ አሊዩ አምባ ገበያ የሚወርድ መኪና እንደ ዛሬው እንደ ልብ አይገኝም፤ የተገኘው ላይ መንጠልጠል ነው። ገብሴን ጭኜ እወርዳለሁ፣ ሎሚና በርበሬ ይዤ እመለሳለሁ። ታዲያ አንድ የገበያ ቀን የጫነን ሽፈራው የሚባል ሹፌር ነበር። ሽፈራው ጎበዝ ነው፣ መሪ ሲይዝ ደስ ይልሃል፣ ግን ምክር አይሰማም፣ አይሰማም ስልህ! እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌያለሁ፤ ልክ ይቺን ታክል ነበር፣ ይቺን ጭኔ ላይ የተኛችውን።

እና ልንመለስ ስንል ቆላው ይፋጃል። ታውቀው የለ? ላዩ ብርድ፣ ታቹ እሳት። መኪናው ያን ሁሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ ጎማው ግሏል፣ እጅ አያስነካም። ሽፈራው የነፋስ መለኪያውን ሰካና “ኧረ ይሄ በዝቷል! ሊፈነዳ ነው!” አለ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ነፋሱን ያስወጣው ጀመር፤ ፍስስስስ...

ሐጂ ኡመር የሚባሉ የእህል ነጋዴ፣ የዚያው የአሊዩ አምባ ሰው፣ ከዛፍ ሥር ሆነው ያዩታል። “አንተ ሽፈራው፣ ተው! ጎማው የተወጠረው ስለጋለ ነው። ጥላ ውስጥ አቁመውና ይብረድ፣ ከበረደ በኋላ ለካው። አሁን አስተንፍሰኸው ደጋ ስትወጣ ብርዱ ሲያገኘው ምን ሊሆን ነው?”

“ሐጂ፣ እርስዎ ግመልዎን ይንዱ!” አላቸው። ገበያተኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እሳቸው መቼ ዝም ሊሉ! “ግመሌም ሲሞቃት አሳርፋታለሁ እንጂ ደሟን አላፈስም!” አሉት። አሁን ደግሞ በሽፈራው ሳቅን። እሱ ግን ፍስስስ፣ አስተንፍሶ ጨረሰና “መኪናው ላይ ውጡ! ውጡ!” አለን። ወጣን።

ታዲያ ዳገቱን ያዝን። ከፍ እያልን ስንሄድ ጉሙ መጣ፣ ብርዱ መጣ፤ ልጄን በነጠላዬ ሸፋፈንኳት። እኔ ጋቢና ከሽፈራው አጠገብ ነኝ፣ ሌላው ሰው ጭነቱ ላይ ነው። እና ከፊት በግራ በኩል ፕላፕ፣ ፕላፕ የሚል ነገር ይሰማኛል። መሪው ወደ ግራ ይስበዋል፣ እሱ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ይስበዋል። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ።

“ሽፈራው፣ ጎማ ይሸታል!”

“ሎሚሽ ነው!”

“ሎሚ እንዲህ ይሸታል እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?”

“አስካለ፣ አንቺ ልጅሽን ያዢ፣ እኔ መሪዬን ልያዝ!”

ማርያምን፣ ይሄን ብሎ አፉን አልገጠመም። መታጠፊያው ላይ ጎማውን ከብረቱ ጋር የሚይዘው ቀለበት ተስፈነጠረና ጎማው ውልቅ! ብረቱ ድንጋይ ሲፍቅ፣ እሳት ሲተፋ አየሁ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ተራራ። እንዴት እንዳዞረው እሱም አያውቀውም፣ መኪናው ተራራውን ተደግፎ ቆመ። ልጄ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወረድን። ወረድንና ምን እናያለን! ጎማው ብቻውን ገደሉን ይወርዳል። እንዴት ብዬ ልንገርህ... ይነጥራል፣ ቋጥኝ ይዘላል፣ ወድቆ ደግሞ ይነሣል፣ ሰው የሚነዳው ይመስላል እኮ! እየወረደ፣ እየወረደ፣ የልብስ ቁልፍ አክሎ፣ ከእግራችን በታች ያለው ደመና ውስጥ ገባ። ገባና ጠፋ። ከጠፋም በኋላ ድምፁ ይመጣል፤ ዱም... ዱም... ከዚያ እሱም ቀረ። ሽፈራው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው። እኛ ነበርን እኮ እዚያ የምንገባው!

ታዲያ ወንዶቹ ትርፉን ጎማ ገጠሙ። መኪናው ፈቀቅ ሲል፣ ሌላው ጎማ ቆሞበት የነበረው ጭቃ ላይ ምልክቱ ቀረ። ሁለት እጄን ጎን ለጎን ባስቀምጥበት ሸፈነው። በቃ፣ ይኸው ነው! ያ ሁሉ ጆንያ፣ ያ ሁሉ ነፍስ መሬት የሚረግጠው እንዲህ በምታህል ቦታ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ነፋስ! ነፋስ ላይ ተቀምጠን ነው እኮ የምንሄደው፣ አንተዬ! እስከ ዛሬ መኪና ስሳፈር ይገርመኛል፣ ይገርመኛል፣ አማትቤ ነው የምገባው።

አሁን ያንተን ልንገርህ። ስመጣ ጎማህን ዳሰስኩት፤ አትሳቅ! የኋላው እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ነው፣ የፊቱ ጎኑ ተሰነጣጥቋል። “ጎረቤላ ምን አላት፣ ቅርብ ናት” ልትለኝ ነው። ጉሙ መንገዱን አርሶ ነው የሚጠብቅህ፤ ልሙጥ ጎማ ምኑን ይይዘዋል? ያረጀውን አስቀይር። ነፋሱን ጠዋት፣ መኪናው ሳይሄድ፣ ሳይግል አስለካው። ትርፉንም እይ፤ አንዳንዴ እሱም ተንፍሶ ነው የሚገኘው። ብቻህን አይደለህማ የምትሄደው።

“እትዬ፣ ጎማ ቤቱ የሚከፍተው አርፍዶ ነው። የአርባዋ ጸሎት ያልፈኛል” አልኳቸው።

ልጄን ጭናቸው ላይ አስተካክለው አስተኟት።

“ይለፍህ” አሉ። “ካህናቱ ይጸልያሉ፣ ዘመዱም ተዝካሩን ይቀምሳል። እናቷ እንደሆነች ከእንግዲህ አትቸኩልም።”

“አስቀይሬ እሄዳለሁ” አልኳቸው።