የኩሳካ ቤት ጎራዴና የወንድማማቾቹ ጠብ

የምስክሩ ስም፦ ሞሪዋኪ ቴይዞ
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ ጡረተኛ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ
አድራሻ፦ ኦካያማ ግዛት፣ ቢዘን ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሾዋ 52 (እ.ኤ.አ. 1977)፣ ኖቬምበር 7

ሟቹን ኩሳካ ኢዋኦንም ሆነ ተጠርጣሪውን ኩሳካ ኩኒሂኮን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። የአባታቸው ወዳጅ ስለነበርኩ አጎቴ ይሉኛል። አባታቸው ካረፉ ወዲህ ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር። ኦሳካ የሚኖረው ታላቁ ኢዋኦ የቅድመ አያታቸው ጎራዴ ይሸጥ ሲል፣ ቤቱን የሚጠብቀው ታናሹ ኩኒሂኮ አይሆንም ይል ነበር።

ትናንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎራዴውን እንዳይለት ኩኒሂኮ ጠርቶኝ ሄድኩ። በፊቴ ስለቱን ከጌጠኛው እጀታ አውጥቶ፣ ለማስቀመጫ ወደተሠራው ቀለም የሌለው የእንጨት አፎት አዛወረው። ያረጀ አፎት ስለትን ስለሚያዝግ እኛ ዘንድ እንዲህ ይደረጋል። ጌጠኛው እጀታና አፎት ደግሞ ቅርጹን እንዲይዝ፣ አስቀድሞ ያስጠረበውን የእንጨት ስለት ሰካበትና ስለትን ከእጀታ የሚያያይዘውን የቀርከሃ ችንካር በገዛ እጁ መታ። ከውጭ ለሚያየው ያው የድሮው ጎራዴ ነው።

የእጅ መከለያው ጥቁር ብረት ነው፤ የዝይ መንጋ በወርቅ ተቀርጾበታል፤ አንዷ ዝይ ወደ ኋላ ዞራ ታያለች። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም፤ እንባዬ መጣ። አይቼ ስጨርስ ኩኒሂኮ ጌጠኛውን መደቡ ላይ፣ ከነሐሱ የአበባ ማስቀመጫ ጎን አኖረው። እኔም እጅ ነስቼ፣ ትንፋሼ ስለቱን እንዳያዝገው እንደ ደንቡ የታጠፈ ወረቀት በከንፈሬ ይዤ፣ እውነተኛውን ስለት በመስኮቱ ብርሃን እመለከት ጀመር።

በዚህ መሃል ኢዋኦ ጠጥቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገባ። «እዩልኝ፣ ሽማግሌው ለብረት ይሰግዳል!» አለ።

ኩኒሂኮ «ጫማህን አውልቅ፤ የአባባ ቤት ነው» አለው።

«የአባባ ከሆነ እኔስ የማን ልጅ ነኝ? ነገ ገዢ ይዤ እመጣለሁ።»

«እኔ ቆሜ አይሸጥም።»

«እንግዲያው ቆመህ እያየህ እወስደዋለሁ! ወንድ ከሆንክ ከልክለኝ!»

ይህን ብሎ ጌጠኛውን ጎራዴ አነሳና እጀታውን ጨብጦ ሊመዝ ታገለ። «እንጨት ነው!» ብዬ ልጮህ ፈለግኩ። ወረቀቱ አፌ ላይ፣ የተመዘዘው ስለት እጄ ላይ ነበር። መትፋት እችል ነበር፤ የስንት ዓመት ልማድ አፌን ያዘኝ። ኩኒሂኮ የነሐሱን ማስቀመጫ አንስቶ ወንድሙን ከጆሮው በላይ መታው። ኢዋኦ ሲወድቅ የእንጨቱ ስለት ከአፎቱ ሾልኮ ምንጣፉ ላይ ቀረ።

ኩኒሂኮ ይህን ያደረገው ለሕይወቱ ፈርቶ እንደሆነ መርማሪው ጠይቀውኛል። የሰው ልብ አላውቅም። ልጁን እወደዋለሁ፤ ይህን ከምናገር ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር። ነገር ግን የእንጨቱን ስለት ሰክቶ ችንካሩን የመታው እሱ ራሱ ነው። ወንድሙ ከወደቀ በኋላም መጀመሪያ ያለኝ፦ «አጎቴ፣ ስለቱን ደም ነካው እንዴ?» ነው።

እኔም ወደ ኢዋኦ ከማጎንበሴ በፊት እጄ ላይ የነበረውን ስለት አገላብጬ አየሁት። ንጹሕ ነበር።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የጨመርኩበትም የደበቅኩትም የለም፤ እውነት ነው። በፊርማ ፈንታ የምመታውን ማኅተሜን ቤት ስለረሳሁ በግራ ጠቋሚ ጣቴ አሻራ አጽንቼዋለሁ።

ምስክር፦ ሞሪዋኪ ቴይዞ (አሻራ)
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል መርማሪ ኦቺያይ (ፊርማ)