ከሰፊው ወደ ጠባቡ

ባሕር ዳር፣ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ፣ ረፋድ ላይ፤ ሰዓዳ የጓደኛዋን የአዝመራን አባት ማረፍ ግቢው በር ላይ ከቆሙት ከአዝመራ አጎት ከጋሼ ሙሉነህ ሰምታ፣ «ቤት ሳንደርስ እንዳትነግሪያት፤ ቀብሩ ዛሬ ነው፤ ብቻ ቶሎ ይዘሻት ውጪ» ተብላ ወደ ክፍላቸው ተመልሳለች።

አዝመራ፦ አልሄድም አልኩሽ! ይቺን የመመረቂያ ጽሑፌን መግቢያ ሳልጨርስ ከዚህ አልጋ ላይ የሚያነሳኝ የለም።

ሰዓዳ፦ ቦርሳሽን እኔ አዘጋጅቼልሻለሁ። አንቺ ጫማሽን ብቻ አድርጊ።

አዝመራ፦ ጋሼ ሙሉነህ ምን ቢያገኛቸው ነው በሥራ ቀን ቡሬ ድረስ ልውሰድሽ የሚሉኝ?

ሰዓዳ፦ ለጉዳይ መጥተው ነው፤ ባዶ መኪና ይዤ ከምመለስ ብለው።

አዝመራ፦ እንግዲያው ቅዳሜ ይምጡ። አማካሪዬ ነገ ጠዋት ካላየው አልፈርምም ብሏል። አልፈረመም ማለት አልተመረቅኩም ማለት ነው። አባዬ ደግሞ ኮት አሰፍቶ ቁጭ ብሏል። «ከምርቃትሽ በፊት ለማንም ሠርግ አለብሰውም» ብሎ ሰቅሎታል።

ሰዓዳ፦ ... አምጪው እስቲ። መኪና ውስጥ አብረን እንጨርሰዋለን።

አዝመራ፦ ያቺው ያለችኝ እንግሊዝኛም መንገድ ላይ ትፈስብኛለች። እዚሁ ተቀምጬም አልሆነልኝ።

ሰዓዳ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አዝመራ፦ ከሁለቱ የትኛዋ ነኝ? ደሞ አንቺ ስትሰድቢ እንኳ ትስቂ ነበር፤ ዛሬ ምን ነካሽ?

ሰዓዳ፦ ራሴን አሞኝ ነው። በይ አንብቢልኝ፤ ቶሎ።

አዝመራ፦ «አባቴ በየጠዋቱ ከቀፎዎቹ ሥር የሞቱ ንቦች በእፍኙ ያፍሳል።» ሳልዋሽሽ፣ በእንግሊዝኛውም ያምራል። አማካሪዬ ግን በቀይ ሰረዘው። «ይሄ መግቢያ ሳይሆን ደብዳቤ ነው» አለ።

ሰዓዳ፦ ልክ ነው። ከሰፊው ነው የሚጀመረው። «ግሎባሊ» ብለሽ ንብ ለዓለም ምን እንደምትጠቅም ጻፊ። ከዚያ አፍሪካ፣ ከዚያ ኢትዮጵያ፣ ከዚያ ጎጃም። ሌሎች ምን አጠኑ፣ ምን ሳያዩ ቀሩ። እነሱ ያላዩትን ነው አንቺ የምታጠኚው።

አዝመራ፦ ከክፍላችን «ግሎባሊ» ያላለ የለም፤ አሁንስ ንቧም ሳትሰለቻት አትቀርም። እኔ ቤት ለመግባት ዓለምን መዞር አለብኝ?

ሰዓዳ፦ አንባቢው ያንቺን ቤት አያውቀውማ። እጁን ይዘሽ ነው የምታደርሺው።

አዝመራ፦ የኛ ሰው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነው የሚለው። ሥሩ ደግሞ አባቴ ነው። ጎረቤቱ ጓያው ላይ መድኃኒት ሲረጭ ንቦቹ ያለቁበት እሱ ነው።

ሰዓዳ፦ ማን አየ ሲሉሽስ? ምንጭ ይጠይቁሻል።

አዝመራ፦ አባቴ አየ!

ሰዓዳ፦ «አባቴ» ምንጭ አይሆንም፣ አዝመራ። «የአካባቢው ንብ አናቢዎች እንደሚገልጹት» ነው የሚባለው።

አዝመራ፦ በቃ? ሰው እንዲህ በቀላሉ ነው የሚጠፋው?

ሰዓዳ፦ ... አይጠፋም። ውስጡ አለ።

አዝመራ፦ ቆይ ቆይ፤ ይሄን አካሄድ አውቀዋለሁ! መርዶ ነው እኮ! የሰፈራችን ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሩ ሲመጡ እንዲህ ናቸው። «ዓለም አላፊ ናት፤ ያልሞተበት የለም፤ እገሌም አለፈ» እያሉ ከሩቅ ይነሡና፣ ዳር ዳር ሲሉ ቆይተው ቤትሽ ይገባሉ። ፈረንጁ ከኛ ሽማግሌዎች ተምሮ ይሆናላ!

ሰዓዳ፦ በአላህ ተዪ።

አዝመራ፦ ምን አልኩ? ሳቂ እንጂ።

ሰዓዳ፦ ተነሺልኝ፤ እለምንሻለሁ። ሰውየው ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

አዝመራ፦ እሺ፣ አንዴ ለአባዬ ልደውል። ንቦቹ ማለቅ የጀመሩበትን ዓመት ከነገረኝ ቢያንስ አንዷ ዓረፍተ ነገር ትቃናልኛለች። ትናንት ደውዬ አላነሳም፤ ቀፎ ሊያይ ሲወጣ ስልኩን ቤት ጥሎት ነው የሚሄደው። ስልኬን አቀብይኝ።

ሰዓዳ፦ አትደውዪ።

አዝመራ፦ ለምን?

ሰዓዳ፦ ኔትወርክ የለም።

አዝመራ፦ አሁን አይደል እንዴ ጋሼ ሙሉነህ ደውለው በር ድረስ የጠሩሽ?

ሰዓዳ፦ ያኔ ነበር። አሁን ጠፍቷል።

አዝመራ፦ ቆይ... የሚወስዱት እኔን፣ የጠሩት አንቺን። ለምን?

ሰዓዳ፦ ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። ሰው እኮ በዚህ ምድር እንግዳ ነው። ዘንድሮ ያላለቀሰ ቤት የለም። እኛ ሰፈር እንኳ፣ ደሴ፣ ስንቱ... እኔም አያቴን ያጣሁት ፈተና ላይ ሆኜ ነው፤ ታውቂያለሽ። ሁላችንም...

አዝመራ፦ ሰዓዳ።

ሰዓዳ፦ አቤት፣ እህቴ።

አዝመራ፦ ዓለሙን ተዪው። ደሴንም ተዪው። እኛ ቤት ግቢ።

ሰዓዳ፦ አልችልም። አደራ ብለውኛል።

አዝመራ፦ እንግዲያው አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ። አባቴ ነው እናቴ?