የሲስተር ሙሀባ ተራ

በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ ከመናኸሪያው እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ፣ በክርክር ረትቶኝ የሄደ ሰው የለም። ካላመናችሁ የባጃጅ ሾፌሮቹን ጠይቁ። ስሜ ኑርሃን ይባላል፤ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜዋለሁ፤ ቢሆንም የከተማው ምሁር ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። እንዴት ቢሉ፣ በአክስቴ ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራው እኔ ነኝ። ባለ ዲግሪው ዲግሪውን የሚያባዛው፣ ሥራ ፈላጊው ፎርም የሚያስሞላው፣ በኢንተርኔት ተመዝጋቢውም የሚመዘገበው እኔ ዘንድ ነው። ይህንን ታሪክ የምጽፈው አንዲት ሴት ሐኪም ለመሆን የምታመለክትበትን ጊዜ እንዴት እንደቆረጠች ሌላው እንዲማርበት ነው። እግረ መንገዱን የእኔ ብልህነት ቢታይም አልጠላም።

ቀኑ ዓርብ ነበር፤ የመስከረም አጋማሽ፣ ከጁምዓ በኋላ። ሙቀቱ ሰው ያፈላል። ቬንትሌተሩን ፊቴ ላይ አዙሬ ተቀምጬ ሳለ ሲስተር ሙሀባ ልጇን አዝላ፣ አንድ ቡናማ ፋይል በብብቷ ይዛ ገባች። ሲስተር ሙሀባ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት። ጎረቤታችን ስለሆነች እንደ እህቴ «አንቺ» እላታለሁ።

«ኑርሃንዬ፣ እነዚህን ሁለት ሁለት አድርጊልኝ» አለችኝ።

ፋይሉን ስከፍተው ሳቄ መጣ። ዲግሪዋ፣ የውጤት ወረቀቷ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ።

«ሲስተር፣ ይህንን ዲግሪ ሳባዛው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ካቻምናም በመስከረም፣ አምናም በመስከረም። የቤትሽን ግድግዳ ልትለጥፊበት ነው እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ሥሪ፣ አንቺ ምላሳም።»

«ባለ ዲግሪ የጤና ሠራተኞች ሐኪም ለመሆን የሚያመለክቱበት ምዝገባ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ማስታወቂያውን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

«አይቼዋለሁ።» አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «ካቻምና ሠርጌ ነበር። አምና እርጉዝ ነበርኩ። ዘንድሮ ደግሞ ይኸው» ብላ የስምንት ወር ልጇን ጀርባዋ ላይ እሽሩሩ አለችው። «ለከርሞ ይሻል ይሆናል።»

«ለከርሞ ምን አለሽ?»

«እኔ እንጃ። አንድ ነገር መቼም አይጠፋም።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ በሩ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሲስተር ሙሀባ ፋይሉን ከእጄ ነጥቃ ከሻሿ ሥር ወሸቀችው። የገቡት አባቷ ጋሼ ሱሌይማን ናቸው።

ጋሼ ሱሌይማን ሽንኩርት አምራች ብቻ አይደሉም፤ የውሃ አባት ናቸው። በመስኖው ሰፈር ውሃ እንደልብ አይለቀቅም፤ በተራ ነው። ማን በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ውሃውን ወደ ማሳው እንደሚያስገባ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሰው ውሃ ፍለጋ አካፋ ይዞ ሲጣላ፣ እሳቸው ወረቀት ያወጣሉ።

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ጋሼ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ይህ የዘንድሮ ተራ ነው። አምስት አድርጊልኝ፤ በአምስቱም ቦይ ላይ ይለጠፋል። ሙሀባ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ለ... ለሕፃኑ የክትባት ካርድ ነው፣ አባባ።»

አንባቢ ሆይ፣ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አልቻልኩም።

«ክትባት አይደለም፣ ጋሼ። ልጅዎ ሐኪም ልትሆን ማመልከቻ ታስገባለች። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ይምከሯት።»

ሲስተር ሙሀባ በዓይኗ ቀቀለችኝ። ጋሼ ሱሌይማን ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ይህን ሲያደርጉ ነገሩ ረጅም እንደሆነ የመስኖው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ፣ «አገር ሲስተር ይልሻል። ሌሊት ሲያምጥ የሚጠራው አንቺን ነው። ምን ጎደለሽ?»

«እጄ ጎደለኝ፣ አባባ።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው?»

«ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት በአምቡላንስ ይዤ ስወጣ ያስታውሳሉ? ልብሴን እናቴ ሦስት ጊዜ ነው ያጠበችው። ደብረ ሲናን እስክናልፍ እጇን ይዤ ዱዓ ሳደርግ ነበር። ምን መደረግ እንዳለበት አውቃለሁ። እንዳደርገው ግን አልተፈቀደልኝም፤ አልተማርኩትም። ደጋው ላይ ካለው ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ሐኪም በአርባ ደቂቃ አዳናት። አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱን እየለካሁ ነው የምኖረው።»

ጋሼ ሱሌይማን ጉልበታቸው ላይ ያለውን ኮፍያ አንድ ጊዜ አዞሩት። እኔ መጠበቅ አልወድም።

«በአምስት ዓመት ትጨርሳለች፣ ጋሼ!»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? አምስት ዓመት! አሁን ሠላሳ አራት ናት። ስትጨርስ ሠላሳ ዘጠኝ። ያኔ ወጣቶቹ እንደ ሚዳቋ ሲዘሉ እሷ ጉልበቷን ይዛ ደረጃ ልትወጣ ነው?»

«ሳትማርስ ቢሆን በአምስት ዓመት ስንት ሊሆናት ነው?»

«ተይ እስቲ፣ አንቺ ልጅ። ሙሀባ፣ እኔ ትምህርት አልጠላም፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ግን ያልታረመ ማሳ ላይ ውሃ ቢለቁበት የሚጠጣው አረሙ ነው። ልጁ ጡት አልተወም። ባልሽ አብዱሰላም የመኪና ሰው ነው፤ ሳምንት ጅቡቲ፣ ሳምንት ቤት። ማሳሽ አልታረመም። መጀመሪያ አርሚ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ትጠይቂያለሽ።»

እውነቱን ልናገር። የአረሙ ነገር ልክ ነው። ገና ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ዝም ብላ «ዛሬውኑ» ብትባል ምክር አይደለም፤ ግፊት ነው። የገረመኝ ሲስተር ሙሀባ ናት። ከፋይሉ ሥር አንድ ዳሩ ያለቀ ደብተር አውጥታ አባቷ ጉልበት ላይ አኖረችው።

«ይህ ምንድን ነው? የወላድ መዝገብ ነው?»

«ፊዚክስ ነው። ከኋላው ኬሚስትሪ። ተረኛ ስሆን፣ ወላድ በሌለ ሰዓት ነው የሠራሁት። ሦስት ዓመት ሆነው። አብዱሰላም ያውቃል፤ ከሾፌር ጓደኞቹ የልጆቻቸውን መጻሕፍት እየለመነ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። አባባ፣ አረሙን እያረምኩት ነው የቆየሁት። የፈራሁት ስሜን ማስገባት ነው።»

ጋሼ ሱሌይማን ደብተሩን ገለበጡ። ማንበብ የሚችሉት ስምና ሰዓት ነው፤ ፊዚክስ አይደለም። ግን ገጽ መቁጠር ያውቃሉ። ቆጠሩ።

«ቢሆንስ፣ የልጁ ነገርስ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ላልቷል።

እኔ በዚህ መሐል የተራ ወረቀታቸውን ማሽኑ ላይ አድርጌ ነበር። ከጀርባው በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ደንብ አየሁ። ሰው የጻፈውን ጮክ ብዬ ማንበብ ልማዴ ነው።

«"አንደኛ። የውሃ ተራ ስም የሚያዘው በሐምሌ፣ ማሳው ላይ ማሽላ ቆሞ ሳለ ነው። ሁለተኛ። ሽንኩርቴን ተክዬ ልምጣ የሚል ቢኖር፣ ስሙ አይያዝም፤ ሽንኩርቱ ቢደርቅም ተራ አይጠይቅም።" ጋሼ፣ ይህ የማን ደንብ ነው?»

«የኔ ነው። ምን ሆነ?»

«ሰዉ ሽንኩርት ሳይተክል ለምን ይመዘግቡታል?»

«ውሃው የሚመጣው በኅዳር ነዋ! እስከዚያ ማሽላውን ያጭዳል፣ ያርሳል፣ ያርማል። ስም ማስያዝና ውሃ መቀበል አንድ ነው እንዴ? ማሳዬ ይዘጋጅ ብሎ የጠበቀ ሰው ማሳው ሲዘጋጅ ውሃው ጎረቤቱ ማሳ ገብቶ...»

ነገሩ ገባቸው። ልጃቸውን አዩ። ልጃቸውም አየቻቸው።

«የመግቢያ ፈተናው በኅዳር ነው፣ አባባ» አለች ሲስተር ሙሀባ በቀስታ። «ባልፍ ትምህርቱ የሚጀመረው በየካቲት ነው። ያኔ ልጁ ይራመዳል። ባላልፍ ደግሞ ጤና ጣቢያዬ ላይ ነኝ፤ የሚጠፋብኝ ነገር የለም። ዛሬ የምሰጠው ስሜን ብቻ ነው።»

ጋሼ ሱሌይማን ሳቁ። ከሆዳቸው ሳቁ። «በገዛ ቦዬ ውሃ ለቀቃችሁብኝ! እኔ መመዝገብና መሄድን አንድ አድርጌ ነው የሰጋሁት። በይ አስገቢ። ለልጁ እናትሽ ዘይቱና አለች፤ ለትምህርት ደጋ ስትወጪ ይዛው አብራሽ ትወጣለች። ደጋው ቢበርዳትም ጋቢ አላት።»

አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ በፍጥነት ሞላሁ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ዘመን ሰኔ 1983። ላክሁት። ቀይ ጽሑፍ መጣ።

ሲስተር ሙሀባ አነበበችው። «ዕድሜዬ አልፏል ይላል። ከአርባ በላይ አይቀበሉም።» ድምፅዋ አሸዋ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ሰርጎ ጠፋ። ዕቃዋን ትሰበስብ ጀመር። «ሦስት ዓመት አሳለፍኩት፤ አለቀ። ነይ ልጄ፣ ክፍያሽን ውሰጂ።»

ጋሼ ሱሌይማን ከአግዳሚው ተነሡ። «ስንት ዓመቷ ነው ይላል?»

«አርባ ሁለት» አልኩ።

«አርባ ሁለት! ልጄን የወለድኳት እኔ ነኝ ወይስ ይህ ሳጥን? ደርግ በወደቀ በወሩ፣ ወታደሩ በዚህ መንገድ ሲበተን የተወለደች ልጅ በምን ሒሳብ አርባ ሁለት ትሆናለች? ገና ልጅ ናት! ሠላሳ አራት ዓመት ምን ዕድሜ አለው? ጉልበቷ እንደ ሚዳቋ ነው!»

አንባቢ ልብ ይበል፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት ያስረጇት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ወደ ስክሪኑ አዩና ጠየቁኝ፦ «ለመሆኑ ይህ ሳጥን የሚያውቀው የማንን ዘመን ነው? የእኛን ነው የፈረንጁን?»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ፎርሙ የፈረንጅ ነው። የሞላሁት በእኛ አቆጣጠር ነው። ስምንት ዓመት ጨምሬ ሴትዮዋን ያስረጀኋት እኔው ነኝ። 1983ን አጥፍቼ 1991 ጻፍኩ። ላክሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

አረንጓዴ መጣ።

ሲስተር ሙሀባ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ ወረደ፤ ልጁ ከጀርባዋ ነቅቶ አለቀሰ። ጋሼ ሱሌይማን «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ የመመዝገቢያ ወረቀቱን ከማሽኑ እንደወጣ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው ተቀበሉት። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ነገር ጥቅም ግልጽ ነው። ሥራና ልጅ ያለው ሰው ባዶ ዓመት ቢጠብቅ አያገኝም፤ ባዶ ዓመት የሚባል ነገር በዚህ ቆላ በቅሎ አያውቅም። አረሙን በዝምታ ያርም፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ስሙን ያስይዝ። ማመልከት መሄድ አይደለም። ቢሳካ አንድ ቀን አምቡላንሱ ደብረ ሲናን ሳያይ እዚሁ ሮቢት ላይ የሚቆምለት ወላድ ይኖራል፤ ባይሳካ የጠፋው አንድ ከሰዓት ነው። ቤተሰብም ልጁን «አርጅተሻል» ከማለቱ በፊት ዓመቱን በትክክል ይቁጠር።

ይህንን ሁሉ በአፌም ነገርኳቸው። ከዚያ ደረቴን ነፍቼ፣ «አዩ ጋሼ» አልኩ፣ «በዚህ ከተማ በክርክር የሚረታኝ የለም። አንዲት ሐኪም ዛሬ ከዚህ ወንበር ላይ አወጣሁ።»

ጋሼ ሱሌይማን ኮፍያቸውን አጠለቁ። ያባዛሁላቸውን የተራ ወረቀት አነሡና አንድ በአንድ ቆጠሩት፤ ደግመው ቆጠሩት።

«አምስት ነበር ያልኩሽ፤ የሰጠሽኝ አራት ነው» አሉ። «ሒሳብ ሳትጨርሺ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሽው። ሰኞ ሄደሽ ዘጠነኛ ክፍል ተመዝገቢ።»