ሁለተኛው አጎበር

(አርባ ምንጭ፤ እሑድ ከሰዓት፣ መኝታ ቤት። ከሦስት ሳምንት በፊት ተመርምሮ ኤች አይ ቪ በደሙ የተገኘበት ኦይቻ ወንበር ላይ ቆሞ ሚስማር ይመታል፤ ከቫይረሱ ነጻ የሆነችው ሚስቱ አስናቀች ከሥሩ ቆማለች።)

አስናቀች፦ ውረድ አልኩህ! ባንድ ክፍል ሁለት አጎበር? ተከራይ ልታስገባ ነው?

ኦይቻ፦ ተከራዩ እኔ ነኝ። ፍራሼን መስኮቱ ሥር አነጥፋለሁ።

አስናቀች፦ ከእኔ ልትሸሽ?

ኦይቻ፦ ከአንቺ አይደለም፣ ከቢንቢው ነው። እኔን ነክሶ ዞር ብሎ አንቺን ቢነክስሽስ?

አስናቀች፦ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር በቢንቢ አይተላለፍም ስትል አብረን አይደል የሰማነው?

ኦይቻ፦ ሲስተር የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። የአርባ ምንጭን ቢንቢ የት ታውቀዋለች!

አስናቀች፦ እሺ፣ ማንኪያህንስ ለምን ለየህ? ትናንት ሳስነጥስ እንኳ “ይማርሽ” ያልከኝ በር ላይ ቆመህ ነው።

ኦይቻ፦ ለጥንቃቄ ነዋ።

አስናቀች፦ ጥንቃቄውማ ተነግሮናል። ኮንዶሙ ኮመዲኖ ውስጥ ነው። አንተ መድኃኒትህን በሰዓቱ ትውጣለህ፣ እኔም እንዳይዘኝ መከላከያዬን እውጣለሁ፣ ቀጠሮዬ ሲደርስ ደግሜ እመረመራለሁ። ሲስተር ማንኪያ ለዩ ስትል ሰማህ?

ኦይቻ፦ አልሰማሁም።

አስናቀች፦ በር ላይ ቁም ስትልስ?

ኦይቻ፦ አስኑዬ፣ እፈራለሁ። አንቺን ቢይዝሽ በምን ዓይኔ አይሻለሁ?

አስናቀች፦ እኔም እፈራለሁ። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄን እንኳ አልነካህም። እዚሁ ቤት ሆነህ ናፈቅከኝ እኮ!

ኦይቻ፦ እንዲህ አትበይ... እሺ፣ ለዛሬ ብቻ ልስቀለው። ነገ ሲስተርን ደግመን እንጠይቃት።

አስናቀች፦ ትናንት ጠየቅኳት።

ኦይቻ፦ ስለ ቢንቢው? ምን አለች?

አስናቀች፦ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። “ቢንቢ የሚያመጣው ወባ ነው፤ ባልሽ ካሳሰበው አንድ አጎበር ውስጥ አቅፎሽ ይተኛ” አለች።

ኦይቻ፦ “አቅፎሽ” ነው ያለችው?

አስናቀች፦ “አቅፎሽ።”

ኦይቻ፦ ይቺን ከራስሽ ጨምረሻል።

አስናቀች፦ ብጨምርስ?

ኦይቻ፦ በይ አጎበሩን አቀብይኝ፣ ሚስማሩን አንዴ መትቼዋለሁ።

አስናቀች፦ አጎበር የለም። መዶሻ ልትዋስ ስትሄድ ጓሮ ወስጄ ለጫጩቶቹ ዘረጋሁላቸው፤ ጭልፊቱ ፈጃቸው።

ኦይቻ፦ ለጫጩቶቹ! እኔስ የት ልተኛ?

አስናቀች፦ ወይ ከጫጩቶቹ ጋር፣ ወይ ከእኔ ጋር።

ኦይቻ፦ ጫጩቶቹ ይጮሃሉ።

አስናቀች፦ እኔም እጮሃለሁ።

ኦይቻ፦ እሱንማ ለምጄዋለሁ። በይ እጅሽን ስጪኝ፣ ልውረድ።