የታፈነው የወለል ሥር

አቶ ሽበሺ ለልጅ ልጃቸው ለኖጋ መድኃኒት ይዘው ከክሊኒክ ሲወጡ፣ ዝናቡ አላስኬድ ብሏቸው አውቶቡስ መጠበቂያው ሥር ተጠለሉ። ኖጋ ገና የዘጠኝ ወር ልጅ ናት። በዚህ ክረምት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሽማግሌው ሦስተኛውን እየፈሩ እንቅልፍ ካጡ ሰነበቱ። እዚያው የጎረቤታቸውን የስመኝን ልጅ ኦርሊን አገኟት፤ የሕንፃ ቴክኒሻን ናት።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ሕፃኗስ?»

«ምን ደኅና አላት ልጄ! ደረቷ እንደ ወናፍ ይጮኻል።»

«ባለፈው ስመጣ ቤታችሁ የእርጥበት ሽታ ሸቶኝ ነበር። ከወለሉ ሥር ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው?»

«ምን በወጣቸው! ልጄ ሃጋር ልትወልድ ወደ እኔ ስትመጣ አራቱንም በሲሚንቶ ደፈንኳቸው። አራስና ብርድ ምን አገናኛቸው?» አሉ ኮራ ብለው።

አራስን ከነፋስ መጠበቅ ከአባት የተወረሰ ደግ ልማድ ነው። ክፋቱ፣ ልማዱ ከሣር ቤት ወደ ግንብ ቤት ሲዛወር ምን እንደሚለወጥ የጠየቀ አለመኖሩ ነው። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ አቶ ሽበሺን ግን ከሹመትም የበለጠ ነገር ሊያሳጣቸው ነበር።

«አይቆጡኝና፣ ሕፃኗን የሚያሳምማት እሱ ሳይሆን አይቀርም» አለች ኦርሊ።

«ኧረ ወዲያ! እኛ ጎንደር መሬት ላይ ተኝተን አላደግንም?»

«እዚያ ምድጃው ቀኑን ሙሉ ይነዳል፤ ቤቱም በክዳኑ ይተነፍሳል። እዚህ አገር ግን ከወለሉ ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ አፈሩ ውሃ ከያዘ አይለቅም። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ወለሉን ያርሰዋል፣ ኦቬሹ፣ ሻጋታው ማለቴ ነው፣ ይራባል። ኖጋ ደግሞ የምትድኸው እዚያው ወለል ላይ ነው።»

«ብርዱስ?»

«ብርዱን በምንጣፍና በማሞቂያ ይከላከሉት። የቀዳዳው አየር ከወለሉ በታች ያልፋል እንጂ አልጋዋ ድረስ አይመጣም።»

«ዓይኔ ካላየ አላምንም» አሉ።

ዝናቡ ጋብ ሲል አብረው ሄዱ። ኦርሊ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የብረት በር ስትከፍት የበሰበሰ ሽታ ፊታቸውን መታቸው። ባትሪ አብርታ አሳየቻቸው። የወለሉ ሥር ጠቁሯል፤ ከሁሉም የጠቆረው ኖጋ የምትተኛበት ጥግ ነበር።

«በገዛ እጄ» አሉና መዶሻ ሊያመጡ ገቡ።

ሲሚንቶውን ያን ዕለት አፈረሱት። በሳምንቱ ቀዳዳዎቹ ድመትና አይጥ እንዳይገባባቸው የሽቦ ወንፊት ተደረገላቸው፤ አፈሩ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ተነጠፈ፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው እንዲርቅ ቱቦው ተቀጠለ። ሻጋታው በባለሙያ እስኪጸዳ ሃጋርና ኖጋ ስመኝ ቤት ከረሙ። ሽታው ጠፋ፣ የቁም ሣጥኑ ልብስ ደረቀ፣ የግድግዳው ቀለም መላጡን ተወ። ኖጋም ሆስፒታል ሳትገባ ሁለት ወር ሞላት። ሐኪሙ ግን ደረቷ ለዓመታት ደካማ ሊሆን እንደሚችል ነግሯቸዋል።

አንድ ቀን አቶ ሽበሺ በሰፈሩ ሲያልፉ፣ ወይዘሮ ይርጋለም ከወለላቸው ሥር ባለው ቀዳዳ አሮጌ ጨርቅ ሲወትፉ አዩ።

«ምነው እታለም?»

«የልጄ ሚስት ነገ ከነሕፃኗ ትመጣለች። ነፋስ እንዳይመታት ብዬ ነው።»

አቶ ሽበሺ ቴክኒሻን እንዲህ ብላለች ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር።

«የልጅ ልጄን ያሳመምኳት እኔ ነኝ፤ እንዲሁ ደፍኜ» አሉ።

ወይዘሮ ይርጋለም ጎንበስ ብለው ጨርቁን ያወጡ ጀመር።