መቋሚያ ለጥርስ

ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ጥምጣም ያደረጉ መሪጌታና አንዲት ወጣት ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መሪጌታው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ይዘዋል።

«አባቴ፣ መቋሚያውን ወደ ኋላ ላቀብልልዎት?»

«ተይው ልጄ፤ ዛሬ እሱ ነው የሚያስፈልገኝ።»

«ማርቆስ ማኅሌት አለ እንዴ?»

«የለም፤ ጥርስ ላስነቅል ነው።»

«ለጥርስ መቋሚያ?»

«ባለፈው አንዱን ሲሞሉልኝ ወንበሩን አጋድመው ራሴን ቁልቁል ዘቀዘቁት። ስነሳ ምድር ዞረብኝ። በማግስቱ ወረብ ላይ ቅኔ ማኅሌቱ ከነጣሪያው ሲሽከረከር አየሁና ከነመቋሚያዬ ወደቅሁ።»

«በስመ አብ! ሰው ምን አለ?»

«ጠጥቶ ነው አለ። እኔን! ጠላ እንኳ የማልቀምሰውን!»

«ሐኪም አላዩም?»

«አየሁ እንጂ። ማዞሩ ከውስጥ ጆሮ ነው፤ እንደዚያ ተዘቅዝቆ መቆየቱ ቀስቅሶት ይሆናል አሉኝ።»

«ታዲያ ይኼኛውን ማስነቀሉ ቢቀርብዎትስ?»

«ዜማ የማስተምርበት አፍ እኮ ነው! ሦስት ሳምንት ሙሉ ተማሪዎቼ ፊት ጉንጬን ይዤ ተቀመጥሁ። ዛሬ ይነቀላል።»

«እንደገና ቢያጋድሙዎትስ?»

«አልጋደምም። በዚህ ተደግፌ ስንት ሰዓት የምቆም ሰው ለአንድ ጥርስ ልተኛ? እንደ ቆምሁ ንቀሉልኝ እላቸዋለሁ።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«እሺ እስኪሉ እዚያው እቆማለኋ! መቆም እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ ዛሬ ያልሁበትን የተቦረቦረ መንጋጋ ጥርሴን በምላሴ ነካሁት።